«ጊንጥ ያው ጊንጥ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ከሦስት ሰው ደረሰኝ። በየዓመቱ «አዲስ የጊንጥ ዝርያ ተገኘ» የሚሉትን ተመራማሪዎች የሚተች ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ብለዋል። ጊንጥ ሁሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የቀለም ነው፤ የጊንጦች ሳይንሳዊ ስም በየጊዜው መቀያየሩ ሥራው መሠረት እንደሌለው ያሳያል፤ «አዲስ» የሚባለውን ጊንጥ የአገሬው ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ በዲኤንኤና በስልክ ፎቶ ዘመን ጊንጥ በአልኮል ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ጊዜው አልፎበታል፤ በመጨረሻም ስም ማውጣት ለተነደፈ ሰው አይፈይድምና ጊንጥ ሲገኝ መግደል ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ያሉትን ግን አምነውበት እንደጻፉት ይታያል፤ ከአምስቱ ነጥቦች በአንዳንዶቹ ውስጥም እውነት አለ፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ። ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ጽሑፉን ይዘው መጥተው «ታዲያ ለምን እንማረዋለን?» ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት አልፈው ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀለሙ ልጀምር። ጊንጥን በቀለም መለየት አይቻልም ማለታቸው ከሆነ ትክክል ናቸው። ቀለም ደካማ ምልክት ነው፤ የአንዱ ዝርያ ልጆች እንኳ እንደ ዕድሜያቸውና እንደሚኖሩበት አፈር ይጠቁራሉ ወይም ይነጣሉ። ስህተቱ ያለው ጊንጥ ለዪዎች የሚያዩት ቀለም ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ጨረቃ በሌለችበት አንድ ማታ ከተማሪዎቼ ጋር ከመተሐራ ወጣ ብለን የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይዘን ዞረን ነበር። በዚያ ብርሃን ድንጋዩም ቁጥቋጦውም ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ከአንዲት ግራር ሥር ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነገር ቦግ አለ፤ ጅራቱ ሳይቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያበራ ጊንጥ ነበር። የጊንጥ ቆዳ በአልትራቫዮሌት እንዲህ ያበራል፤ ገና ቆዳውን የቀየረ ጊንጥ ግን አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክርለት ድረስ አያበራም። አንዷ ተማሪዬ ትንፋሿን ውጣ ቆማ ቀረች። ከዚያ ሃያ እርምጃ እንኳ ሳንርቅ ሁለተኛ አገኘን። በተራ ባትሪ ስናያቸው ሁለቱም ገለባ የመሰሉ ቢጫዎች ናቸው። በጸሐፊው መለኪያ አንድ ጊንጥ ሁለት ጊዜ አገኘን ማለት ነው።

በማግስቱ በማጉያ መነጽር አየናቸው። ጊንጥ በሆዱ በኩል፣ ከኋላ እግሮቹ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የፀጉር ማበጠሪያ የሚመስል አካል አለው። ሲሄድ መሬቱን የሚዳስስበት ነው። የአንደኛውን ማበጠሪያ ጥርሶች ቆጠርን፤ በአንድ ጎን ከሠላሳ በላይ ሆኑ። የሁለተኛው ሃያ አልሞላም። የወንድና የሴት ቁጥር ስለሚለያይ መጀመሪያ ፆታቸውን ለይተናል፤ ሁለቱም ሴት ነበሩ። ቀጥለን መቆንጠጫቸው ላይ ወዳሉት ቀጫጭን ጸጉሮች ሄድን። እያንዳንዱ ጸጉር በትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ የተተከለ ነው፤ በቀስታ ሲተነፍሱበት ይወዛወዛል። ጊንጥ የአየርን እንቅስቃሴ የሚሰማው በእነዚህ ነው። ፈረንሳዊው ማክስ ቫሾን በ1970ዎቹ የእነዚህን ጸጉሮች ብዛትና አቀማመጥ በዝርዝር አጥንቶ ጊንጦችን በቤተሰብና በወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፈው ምድብ) ለመለየት ዋና መሣሪያ አደረገው። በዚህ ላይ የጅራቱ ሸንተረሮች፣ የመንደፊያው ቅርጽ፣ በመቆንጠጫው ጣት ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች፣ የወንዱ ዘር ማስተላለፊያ አካል ይታያሉ። እነዚያ ሁለት ቢጫዎች የተለያየ ዝርያ ብቻ አይደሉም፤ ወገናቸውም የተለያየ ነው።

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ዛሬ የምንጠቀምበትን የስም አወጣጥ ለእንስሳት ሲዘረጋ የመዘገባቸው ጊንጦች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠሩ ነበር። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1998 የተሰየሙትን ሁሉ የሰበሰበው የዓለም የጊንጦች ዝርዝር በ2000 ሲወጣ 1,259 ዝርያዎችን ያዘ። ዛሬ ቁጥሩ ከ2,700 አልፏል። ሁለት መቶ አርባ ዓመት ከወሰደው የሚበልጠው በሃያ ምናምን ዓመት ተጨመረ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ፍጥነት የማጭበርበር ምልክት አድርገው አቅርበውታል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የብርሃኑ ባትሪ ይመስለኛል። የጊንጥ ቆዳ እንደሚያበራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም ቀላል፣ ርካሽና በኪስ የሚያዝ ባትሪ የመጣው በቅርቡ ነው። ድሮ ቀን ድንጋይ እየገለበጠ ይፈልግ የነበረ ሰው አሁን ማታ ሜዳውን በዓይኑ ይጠርጋል። ድሮ የማይደረስባቸው ቦታዎችም ተከፍተዋል። በሜክሲኮ ዋሻዎች ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የሚኖረው ዓይን የለሽ ጊንጥ፣ አላክራን ታርታረስ፣ ስም ያገኘው በ1982 ነው። በ1998 ደግሞ በማዕከላዊ እስያ ከሚታወቁት ቤተሰቦች ከአንዱም ጋር የማይገጥም ጊንጥ ተገኝቶ ለብቻው አዲስ ቤተሰብ ተከፍቶለታል። ይህ ቀለም አይቶ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ያሳመነው ይህኛው ነውና። «ትናንት አንድ የነበረ ዛሬ አምስት ይሆናል፤ ነገ ደግሞ ተመልሶ አንድ ይሆናል» ብለዋል።

በመጀመሪያ እውነቱን ልቀበል። ያለ በቂ ማስረጃ፣ አንዳንዴም በአንድ ናሙና ላይ ብቻ ተመሥርተው የወጡ ስሞች አሉ። ለስም የሚቸኩሉ ሰዎች በዚህ ሙያም ይኖራሉ። እነዚያን ስሞች የሚሰርዘው ግን ማን ነው? ሌላ የጊንጥ መዳቢ ነው። በ2020 የእስያ ደን ጊንጦች እንደገና ሲመረመሩ ሄትሮሜትረስ ይባል የነበረው አንድ ወገን ወደ ብዙ ወገን ተከፈለ፤ በዚያው ጥናት አዳዲስ ዝርያዎች ተሰየሙ፤ በዚያው ጥናት ደግሞ ብዙ የቆዩ ስሞች «ይህ ከዚያ ጋር አንድ ነው» ተብለው ቀሩ። መክፈሉም መሰረዙም የተሠራው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ነው። ጸሐፊው መክፈሉን ብቻ አይተው መሰረዙን ዘለሉት።

አሁን «ቢጠራ ባይጠራ ምን ለውጥ አለው?» ለሚለው የአሜሪካን ምሳሌ ልስጥ። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ የሚኖር ሴንትሩሮይዲስ ኤክሲሊካውዳ የሚባል ጊንጥ አለ፤ ስሙ የወጣው በ1863 ነው። በአሪዞና ደግሞ ሴንትሩሮይዲስ ስካልፕቹራተስ አለ፤ እሱ የተሰየመው በ1928 ነው። ሁለቱ በመልክ በጣም ስለሚቀራረቡ «አንድ ናቸው» ተባለና ለሃያ ዓመት ያህል በብዙ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ስም ተጠሩ፤ ልክ ጸሐፊው እንዲሆን እንደሚፈልጉት። ችግሩ የአሪዞናው ጊንጥ ሕፃን ልጅ ቢነድፍ ነርቭን የሚያውክ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑ ነው። የባሃው ጊንጥ ግን ሰውን ለከፋ አደጋ የሚያደርስ አይደለም። በ2004 መርዛቸውና ዘረመላቸው ጎን ለጎን ሲመረመር ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው ተረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ በአንዱ ስም የተጻፈ የሕክምና ማስታወሻ የትኛውን ጊንጥ እንደሚመለከት ለማወቅ ጊንጡ የተያዘበትን ቦታ መጠየቅ ግድ ነበር። ስም ሲጠፋ የሚከተለው ይህ ነው፤ አንዱን ያለ ምክንያት መፍራት፣ ሌላውን ያለ ምክንያት መናቅ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ሰዎች ይቀርባል፤ በተለይ በእስራኤልና በዓረብ አገራት ለሚኖሩ ወገኖቻችን። ሌዩረስ ኩዊንኬስትሪያተስ የሚባለው ቢጫ ጊንጥ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነው። ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዓረብ ልሳነ ምድርና እስከ ቱርክ ድረስ ያለው ሁሉ ለረጅም ጊዜ በዚህ አንድ ስም ተጠርቷል። ከ2002 ጀምሮ ከዮርዳኖስ፣ ከየመንና ከቱርክ ልዩ የሆኑ ዘመዶቹ አንድ በአንድ ተለዩ። በ2014 ሎው፣ ያግሙርና ኮቫርዢክ የተባሉ የጊንጥ ተመራማሪዎች ወገኑን በሙሉ አንድ ላይ ገምግመው ከዓረብ ልሳነ ምድር አራት አዳዲስ ዝርያዎችን አወጡ፤ ሁለቱ የኦማን ናቸው። የጥንቱ ስም ለአፍሪካው ብቻ ቀረ። በእስራኤል የሚገኘው ደግሞ ሌዩረስ ሄብሪየስ ተባለ።

ልብ በሉልኝ፤ «ሄብሪየስ» በ2014 የተፈጠረ ቃል አይደለም። ቢሩላ የተባለ ሩሲያዊ በ1908 ያንን ጊንጥ አይቶ እንደ ንዑስ ዝርያ በዚህ ስም መዝግቦት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ «ቢሩላ ያየው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ እንዲያውም ራሱን የቻለ ዝርያ ነው» ተባለ። መርዝ የሚያጠኑ ሰዎችም ይህን ልዩነት ከዚያ በፊት ይዘውት ነበር። ከእስራኤሉ ጊንጥ የተገኙትን መርዛማ ፕሮቲኖች «ኤልኪውኤች»፣ ከአፍሪካው የተገኙትን «ኤልኪውኪው» እያሉ በምህጻረ ቃል ለይተው ይመዘግቧቸዋል፤ የመጨረሻዋ ፊደል የምታመለክተው ንዑስ ዝርያውን ነው። ያቺ አንዲት ፊደል ባትኖር ኖሮ የብዙ ዓመታት የላቦራቶሪ ውጤት የየትኛው ጊንጥ እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ጸሐፊው «ስም ተቀየረ» ያሉት ይህንን ነው። እኔ ግን የቆየ መዝገብ ጥቅሙ ሲታይ ነው የማየው።

ሦስተኛው፣ «የአገሬው ሰው ድሮም ያውቀዋል» የሚለው፣ ከአምስቱ ሁሉ በጣም የምስማማበት ነው። «ለሳይንስ አዲስ ነው» ማለት «ማንም አይቶት አያውቅም» ማለት አይደለም። ዜና የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል። አፋርም፣ ሐመርም፣ ቦረናም የትኛው ጊንጥ በድንጋይ ሥር፣ የትኛው በጉድጓድ እንደሚኖር፣ የየትኛው ንድፊያ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያስጮህ ያውቃሉ። ሳይንሱ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፤ የቦረናው ጊንጥ ከኬንያው ጋር አንድ ይሁን አይሁን፣ የአዋሹ ዘመድ በየመን ይኑር አይኑር በአንድ ቋንቋ መናገር ያስችላል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጊንጥን ስም ግን ሰው ነው የሚያወጣው፤ የትኛው ሰው መሆኑም ያሳስበኛል። እንግሊዛዊው ፖኮክ ፓራቡተስ አቢሲኒከስ የተባለውን ጊንጥ የሰየመው በ1901 ነው። ከአዋሽ ስሙን ያገኘው ኒዮቡተስ አዋሸንሲስ በ2012 በኮቫርዢክና በሎው ተሰየመ። በ2013 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ አንድ አዲስ ወገን ሲወጣ ስሙ ጊንት ተባለ። ከየት መጣ? ከራሳችን ቃል፣ ከጊንጥ። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እየዞርኩ ነገርኳቸው። በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ፣ በላቲንና በግሪክ ስሞች መካከል፣ እናቴ «ጫማህን አራግፍ፣ ጊንጥ እንዳይኖርበት» ስትለኝ የነበረው ቃል ቁጭ ብሏል።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። የአንድ ዝርያ ስም የሚታሰርበት ዋቢ ናሙና አለ፤ ክርክር በተነሳ ቁጥር ተመራማሪ ሄዶ የሚያየው እሱን ነው። የእኛ አገር ጊንጦች ዋቢ ናሙናዎች አብዛኞቹ ያሉት በአውሮፓ ስብስቦች ውስጥ ነው። የመተሐራን ጊንጥ በትክክል ለመለየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አውሮፓ ድረስ መሄድ ወይም ደብዳቤ ጽፎ ደግነት መለመን አለበት። ጸሐፊው በዚህ ቢቆጡ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር። ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ሥራው ከንቱ ነው» ማለት ግን አያስኬድም፤ የሚያስኬደው ሥራውን እኛም መሥራት ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው የካሊፎርኒያዎቹን ተማሪዎች ለራሳቸው ሐሳብ ማስረጃ አድርገው ጠቅሰዋል፤ «ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በስልክ ፎቶ ብቻ ዝርያ አገኙ» ብለው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ላጫውታችሁ። ፕራክሪት ጄይንና ሃርፐር ፎርብስ፣ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት ፎቶ በሚያስቀምጡበት አይናቹራሊስት በተባለው መድረክ ላይ ማንም ያልለያቸውን ጊንጦች አዩ። ፎቶዎቹ የተነሱት በካሊፎርኒያ በደረቁ ጨዋማ የሐይቅ መሬቶች ላይ ነበር። ልጆቹ ግን ፎቶ ላይ አልቆሙም። ማታ ማታ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይዘው ወደዚያ ጨዋማ መሬት ሄዱ፣ ናሙና ሰበሰቡ፣ ለኩ፣ ከተመዘገቡ ዝርያዎች ጋር አነጻጸሩ፤ ከዚያም ከካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚዋ ሎረን ኤስፖዚቶ ጋር ሆነው በ2022 ፓሩሮክቶነስ ሶዳንና ፓሩሮክቶነስ ኮንክሉሰስን አሳተሙ። ፎቶው በር አንኳኳ፤ በሩን የከፈተው ናሙናው ነው።

ዲኤንኤውም እንዲሁ ነው። ዲኤንኤ ሁለት ጊንጦች ምን ያህል እንደሚራራቁ ይነግራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን አስቀድሞ በስም ከተለየ ናሙና የተወሰደ ዲኤንኤ በመዝገብ መኖር አለበት። ያ ናሙና ደግሞ በአልኮል የተዘፈዘፈው፣ ጸሐፊው የናቁት ነው። ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በግንቦት ወር 2010 በሳኦ ፓውሎ የቡታንታን ኢንስቲትዩት የእባብ፣ የሸረሪትና የጊንጥ ስብስብ በእሳት ጋየ። ብራዚል ታይተስ ሴሩላተስ የተባለው ቢጫ ጊንጥ በከተሞቿ እየተስፋፋ ሰው የሚነድፍባት አገር ናት፤ ሴቷ ያለ ወንድ የምትወልድ በመሆኗ አንዲት ብቻ በጭነት ተሳፍራ አዲስ ከተማ ብትገባ ትበቃለች። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት አገር ለመቶ ዓመት ያህል የተሰበሰበ ማመሳከሪያ በአንድ ጠዋት ሲያጣ ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስቡበት እወዳለሁ።

አምስተኛው፦ «ለተነደፈ ሰው ምን ይፈይዳል? መግደል ነው።»

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው በጊንጥ እንደሚነደፍ፣ ከ3,000 በላይ እንደሚሞት በ2008 የታተመ ግምት አለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ከባድ ነው፣ በቀላሉ የማልፈውም አይደለም። ከ2,700 በላይ ከሆኑት ዝርያዎች ሰው የመግደል አቅም ያላቸው ግን ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቡቲዴ ከሚባለው አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይህን ያወቅነው በመመደብ ነው። ፀረ መርዝ የሚሠራውም የታወቀ ጊንጥ መርዝ በትንሽ በትንሹ ለፈረስ እየተወጋ፣ ፈረሱ በደሙ ያበጀው መከላከያ ተጣርቶ ነው። የትኛው ጊንጥ እንደሆነ ሳይታወቅ የማን መርዝ ይወጋል? በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው ፀረ መርዝ የተሠራው ከሜክሲኮ ሴንትሩሮይዲሶች ሲሆን የሚያገለግለው ግን ለአሪዞናው ስካልፕቹራተስ ንድፊያ ነው። ይህ የሆነው የቅርብ ዘመዳሞች መርዝ ስለሚመሳሰል ነው፤ ዘመዳሞች መሆናቸውን የነገረን ደግሞ ምደባው ነው። የጅራቱ ሸንተረርና የጸጉሮቹ ቆጠራ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ግደሉ ለሚለው፣ ቤት የገባውን ጊንጥ ልጆች ባሉበት ተንከባከቡት ብዬ አልመክርም፤ እናቴም አልመከረችኝም። ሜዳ ላይ ያለውን ግን ተዉት። ጊንጥ ነፍሳት ይበላል፤ እሱን ደግሞ ጉጉቱም ዝንጀሮውም ይበሉታል። ያ በ2022 የተሰየመው ኮንክሉሰስ የሚኖረው በአንድ የደረቀ ሐይቅ ዳር፣ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም በማይበልጥ ቀጭን መሬት ላይ ብቻ ነው፤ መሬቱም ጥበቃ የለውም። የምዕራብ አፍሪካው ጥቁር ግዙፍ ጊንጥ፣ ፓንዲነስ ኢምፔሬተር፣ ለቤት ውስጥ ማሳያ እየተባለ በገፍ ተግዞ ስለተሸጠ ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። የጉምሩክ ሠራተኛ ሣጥን ሲከፍት የተከለከለውን ካልተከለከለው የሚለይበት ነገር ያስፈልገዋል። ያ ነገር ስሙ ነው።

ያን ማታ ከመተሐራ ያመጣናቸው ሁለት ጊንጦች አሁን በላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ ናቸው። አልኮሉ ከጊንጦቹ ቆዳ በወጣው ንጥረ ነገር የተነሳ በአልትራቫዮሌት ሲታይ ራሱ ማብራት ጀምሯል፤ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ እየመጡ ባትሪውን ያበሩበታል። የብዕር ቀለም በአልኮል ስለሚለቅ በጠርሙሶቹ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች በእርሳስ ነው የጻፍናቸው፤ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ያገኘችው ተማሪ ስም። በአንደኛው ላይ «ፓራቡተስ» ብለን የዝርያውን ቦታ ክፍት ትተናል። በሁለተኛው ላይ እስካሁን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ጸሐፊው መጥተው በመነጽሩ ቢያዩ፣ ማበጠሪያውንም አብረውን ቢቆጥሩ ደስ ይለናል።